የመኪና የኋላ በር መስተዋት ማንሻን በቤት ስለ መለወጥ

የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴዎች እንደሚያውቁት፥ የፍሬን ሸራና የዘይት ማጣሪያ በማናቸውም ወር ፈላጊ አያጡም። የመስተዋት ማንሻ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። መኪናው ያለ እርሱ መሄዱን ስለማይተው ባለቤቱ ነገሩን ከዛሬ ነገ እያለ ያቈየዋል፤ የተበላሸው የኋላው በር ከሆነማ፥ በዚያ ወንበር የሚቀመጠው ሌላ ሰው ነውና፥ ፈጽሞ ይረሳዋል። አንድ ቀን መስተዋቱ በሩ ውስጥ ወርዶ ሲቀርና ሰማዩም ሲጠቍር ግን ያው ሰው ወደ ሱቅ በሩጫ ይመጣል። በሩጫ የመጣ ደንበኛ የሚፈልገውን ዕቃ አጣርቶ አይጠይቅም፤ ሻጩም በዚያው ፍጥነት ያገኘውን ሰጥቶ ይሸኘዋል። በማግሥቱ በሱቅ በር ላይ የሚሰማው ጭቅጭቅ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሚዛኑ ከብዷል። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ፥ አስቀድመው የገቡት መኪኖች ዕድሜያቸው እየገፋ በአገልግሎት ላይ የሚቈዩ ሆነዋል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉና የብር ዋጋም ዝቅ በማለቱ፥ ከውጭ የሚገዛው ዕቃ ሁሉ ለአስመጪውም ለገዢውም ከበድ ብሏል። ስለዚህ አንድ ደንበኛ ሳያስፈልገው ሙሉ ማንሻ ገዝቶ ቢሄድ፥ ወይም ለቀኝ በር የግራውን ቢወስድ፥ ጉዳቱ የእርሱ ብቻ አይደለም። በምንዛሪ የተገዛ ዕቃ ያለ ቦታው ወጥቶ ይባክናል፤ ቢመለስም የተፈታና የተቧጨረ ሆኖ ከመደርደሪያ ላይ ይቀራል። የኤሌክትሪክ መኪና መምጣቱ ይህን ንግድ ያስቀረዋል ብሎ የሚያስብ አስመጪ ቢኖር ደግሞ ተሳስቷል፤ በባትሪ የሚሄደውም መኪና በር አለው፥ መስተዋትም አለው፥ መስተዋቱን የሚያነሣውም ይኸው ከዚህ በታች የሚገለጠው መሣሪያ ነው።

በኀይል የሚንቀሳቀስ መስኮት ለገበያ በወጣ መኪና ላይ የታየው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1940 ዓ.ም. ሲሆን፥ መኪናውን የሠራው ፓካርድ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። በዚያን ጊዜ መስተዋቱን የሚያነሣው በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚገፋ ዘይት ነበር። ከዚያ በኋላ ዘይቱ ቀርቶ በእያንዳንዱ በር ውስጥ አንዳንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር እንዲገባ ተደረገ። ዛሬ በአብዛኞቹ መኪኖች ያለው ሞተር ከባትሪው በሚመጣ 12 ቮልት የሚሠራ ነው። ሁለት ሽቦ ይገባበታል፤ ኤሌክትሪኩ በአንደኛው ገብቶ በሁለተኛው ሲወጣ መስተዋቱ ይነሣል፥ ስዊቹ መንገዱን ሲገለብጠው ደግሞ ይወርዳል። በሞተሩ ጫፍ እንደ ብሎን የተጠመዘዘ ዘንግ አለ፤ ይህም ዘንግ አንድ ጥርሳም መንኰራኵር ያዞራል። የዚህ ዐይነት አገጣጠም ጠቀሜታው፥ ዘንጉ መንኰራኵሩን ማዞር ሲችል መንኰራኵሩ ዘንጉን መልሶ ማዞር የማይችል መሆኑ ነው። የተዘጋን መስኮት ሌባ በእጁ ተጭኖ በቀላሉ ሊያወርደው የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሞተሩ በኋላ ያለው መሣሪያ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ባለ ክንድ የሚባለው ሲሆን፥ በብዙዎቹ የቶዮታ መኪኖች ላይ የሚገኘው ይህ ነው። ሞተሩ የግማሽ ክብ ቅርጽ ያለውን ጥርሳም ላሜራ ያዞራል፤ ላሜራው የተያያዘበት ክንድ ይነሣል፤ በክንዱ ጫፍ ያለችውም ትንሽ ተንከባላይ ከመስተዋቱ በታች ባለው ሐዲድ ውስጥ እየተንሸራተተች መስተዋቱን ወደ ላይ ትሸከማለች። የመስተዋቱን ክብደት ለመጋራት ሲባል በብዙዎቹ ላይ እንደ ሰዓት ስፕሪንግ የተጠቀለለ ጠንካራ ስፕሪንግ አለ። ይህን ስፕሪንግ አንባቢው ልብ ይበለው፤ ወደ ኋላ ስለ እርሱ የሚነገር ከባድ ነገር አለ። ሁለተኛው ዐይነት ባለ ገመድ ነው። በዚህኛው ቀጥ ያለ የብረት ሐዲድ ቆሞ፥ ቀጭን የብረት ገመድ ከላይና ከታች በፕላስቲክ ፑሌጃዎች ላይ ይዞራል፤ መስተዋቱም ከገመዱ ጋር በተያያዘ ተንሸራታች መያዣ ላይ ይቀመጣል። ባለ ክንዱ ከባድና ታጋሽ ነው፤ ባለ ገመዱ ቀላልና ርካሽ፥ ነገር ግን ቶሎ ተበጣሽ ነው። በአራተኛው ትውልድ የፎልክስቫገን ጎልፍ መኪና መስተዋቱን የያዙት የፕላስቲክ መያዣዎች እየተሰበሩ መስተዋቱ በሩ ውስጥ መውደቁ በብዙ አገር የታወቀ ነበር፤ በዚያ ላይ የጠፋው ነገር በመዳፍ የሚያዝ ፕላስቲክ ብቻ ነበር።

የኋላው መስኮት ከፊተኛው የሚለይበት ነገር አለ። የነጂው መስኮት በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚከፈትና ስለሚዘጋ በሥራ ብዛት ያረጃል። የኋላው ግን ወር ሙሉ ሳይነካ ይከርማል፤ በዚህም ጊዜ መስተዋቱ የሚሄድበት ጎማ በበጋ አቧራ ይሞላል፥ ይደርቃል፥ መስተዋቱንም ይይዛል። ከዚያ አንድ ቀን በድንገት ሲጫኑት ደካማው ነገር ይሰበራል። ወይም ደግሞ በተቃራኒው ሕፃናት ተቀምጠውበት ሲጫወቱበት ይውላሉ። በተጨማሪም የኋላው በር ከታች በኩል ለጎማው ቦታ ሲባል ስለሚቈረጥ፥ በብዙ መኪኖች የኋላው መስተዋት እስከ መጨረሻው አይወርድም። ይህን የማያውቅ ባለመኪና «ማንሻው ተበላሽቶ ግማሽ ላይ ቆመ» ብሎ ወደ ሱቅ የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ መኪናው ግን ከፋብሪካው እንዲሁ ሆኖ የወጣ ነው።

ጉድለቱን ለማወቅ የመጀመሪያው መሣሪያ ጆሮ ነው። የመኪናው ቍልፍ በርቶ ስዊቹ ሲጫን ሞተሩ ይጮኻል ወይስ ዝም ይላል? ሞተሩ እየጮኸ መስተዋቱ ካልተንቀሳቀሰ ሞተሩ ደኅና ነው፤ የተበጠሰው ገመዱ፥ ወይም የተሰበረው መያዣው፥ ወይም የተበላው ጥርሱ ነው። የሚንቋቋ ድምፅ ከተሰማ ጥርስ በጥርስ ላይ እየዘለለ መሆኑን ያመለክታል። የሚፈተግ የሽቦ ድምፅ ከሆነ ደግሞ የተበጠሰው ገመድ በጥቅሉ ላይ እየተዘበራረቀ ነው። በዚህ ጊዜ ደጋግሞ መጫን ሞተሩንም ይጎዳልና ወዲያው መተው ይገባል።

ዝም ካለ ግን ምርመራው ረዘም ይላል፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም በዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ በነጂው በር ላይ ያለው የኋላ መስኮቶች መቈለፊያ መታየት አለበት። ይህ ነገር የሚያስቅ ይመስላል፤ ነገር ግን የመኪናው እጣቢ በጨርቅ ሲጠርግ ሳያውቀው ተጭኖት፥ ባለቤቱ ለሁለት አዲስ ማንሻዎች ዋጋ ሲጠያየቅ ሊውል ይችላል። ቀጥሎ ፊውዙ ነው። መስኮቶቹ ሁሉ በአንድ ላይ ሞተው እንደ ሆነ የአንድ በር ማንሻ መግዛት ከንቱ ነው፤ ጉድለቱ በጋራ ፊውዛቸው ወይም በሬሌው ላይ መሆኑ ይገመታል። አንደኛው ብቻ ሞቶ እንደ ሆነ ደግሞ በሁለት ቦታ ይሞከር፤ ከነጂው በር ሲጫን ሠርቶ ከራሱ በር ሲጫን እንቢ ካለ የተበላሸው የኋላው ስዊች ነው፤ ከራሱ በር ሠርቶ ከነጂው በር እንቢ ካለ የነጂው ስዊች ነው። በሁለቱም እንቢ ካለ ብቻ ነው ሞተሩ የሚጠረጠረው፤ እርሱም ብቻውን አይደለም። ሽቦዎቹ ከመኪናው አካል ወደ በሩ የሚሻገሩት በማጠፊያው አጠገብ ባለ የጎማ ቱቦ ውስጥ ነው። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቍጥር እነዚህ ሽቦዎች ይታጠፋሉ፤ ከዓመታት በኋላም ከውጭ ጎማቸው ደኅና መስሎ ከውስጥ መዳቡ ይበጠሳል። በሩን እያንቀሳቀሱ ስዊቹ ሲጫን መስኮቱ ብልጭ ጥፍት የሚል ዐይነት ሥራ ከሠራ፥ ጥርጣሬው በዚያ ላይ ይጽና።

ቍርጡን የምትናገረው በሁለት ሽቦ የተያያዘች ባለ 12 ቮልት የመሞከሪያ አምፑል ናት። የበሩ ልባስ ወርዶ የሞተሩ ሶኬት ተነቅሎ፥ የአምፑሏ ሁለት ጫፎች በሶኬቱ ሁለት ቀዳዳዎች ገብተው ስዊቹ ወደ ላይም ወደ ታችም ይጫን። በሁለቱም ከበራች ኤሌክትሪኩ እስከ ሞተሩ ድረስ ደኅና ሆኖ መጥቷል፤ የሞተው ሞተሩ ነው። ካልበራች ግን ሞተር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ይህ ምርመራ ሁለት ሽቦ ብቻ ላለው ሞተር መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ከዚያ የበዙ ሽቦዎች የገቡበት ሞተር የራሱ መቈጣጠሪያ ስላለው በዚህ መንገድ አይታወቅም። ሌላም ምልክት አለ፤ ስዊቹ ሲጫን የመኪናው የውስጥ መብራት ጥቂት ደብዘዝ ካለ፥ ሞተሩ ኤሌክትሪክ እያገኘ መዞር ተስኖታል ማለት ነው። አንድ ሰው ስዊቹን ሲጫን ሌላው የበሩን ልባስ በጡጫ መታ መታ ሲያደርገው ሞተሩ ቢነቃ፥ የሞተሩ ካርቦኖች አልቀዋል። ዛሬ ነቃ ተብሎ ግን ተስፋ አይደረግበትም።

መስኮቱ ሳይቆም ቀስ እያለ የሚሄድ ከሆነ ምንም ነገር ከመግዛት በፊት የመስተዋቱ ጎማ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ሲሊኮን ይነፋበት። ግራሶና የሞተር ዘይት ለዚህ አይሆንም፤ ጎማውን ያሳብጠዋል፥ አቧራውንም ይሰበስባል። ይህን ለደንበኛው የሚነግር ባለሱቅ በዚያ ቀን የማንሻውን ሽያጭ አጥቶ የሲሊኮኑን ብቻ ይሸጣል። ነገር ግን ያ ደንበኛ ክላችና ራዲያተር የሚገዛው ከማን ዘንድ እንደሚሆን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ወደ ዕቃው ግዥ ስንሻገር፥ በሱቅ ውስጥ የሚደረገው ንግግር እንደሚከተለው ያለ ነው። ደንበኛው ገብቶ «የኮሮላ መስተዋት ማንሻ ይኖርዎታል?» ይላል። ባለሱቁ «አለ» ብሎ ከመደርደሪያው ቢያወርድ ሥራውን ጨረሰ ማለት አይደለም። ኮሮላ የሚለው ስም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ፥ እስከ 2018 ዓ.ም. ድረስም 12 ትውልዶች ያሳለፈ ስም ነው። ስለዚህ፥ «ጌታዬ፥ የየትኛው በር ነው? የስንት ዓመተ ምሕረት ሥሪት ነው? ሞተሩ ይጮኻል ወይስ ዝም ብሏል? ሊብሬውን ይዘውት መጥተዋል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቍጥር ከአፍ ቃል የበለጠ ይታመናል። ይህ ቍጥር በአብዛኛው 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ሲሆን፥ ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩት መኪኖች ቍጥር ከዚህ ያጠረ ነው፤ አጥሮ ስለ ታየ የተሳሳተ መስሎ ሊጣል አይገባም።

ግራና ቀኝ የሚባለው በነጂው ወንበር ላይ ወደ ፊት ተቀምጦ ሲታይ ነው። ይህ የሁሉም ፋብሪካዎች ልማድ ነው፤ በካርቶኑ ላይ ኤል ኤች የሚለው ግራን፥ አር ኤች የሚለው ቀኝን ያመለክታል። ደንበኛው ግን ከመኪናው ፊት ለፊት ቆሞ ያየውን ሊናገር ይችላልና፥ «በነጂው በኩል ያለው ነው ወይስ በማዶው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር የመኪናው አካል ቅርጽ ነው። ባለ ሻንጣው አውቶሞቢልና የኋላ በሩ ወደ ላይ የሚከፈተው መኪና በአንድ ስም ሲጠሩ የፊት በሮቻቸው አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የኋላ በሮቻቸው ግን የመስተዋቱ ቅርጽ ስለሚለይ ማንሻቸውም ይለያያል። ለፊቱ ተሳክቶ የተሸጠው ቍጥር ለኋላው ይሠራል ብሎ መገመት አያዋጣም። በመጨረሻም ሞተሩ ከማንሻው ጋር ነው ወይስ ለብቻው የሚለው ተለይቶ፥ የሶኬቱ ቅርጽና የሽቦዎቹ ብዛት ከአሮጌው ጋር ይመሳከር። ከሁሉ የሚበልጠው ምክር አሮጌው ተፈትቶ ወደ ሱቅ እንዲመጣ ማድረግ ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ክርክር አይኖርም።

በሶማሌ ተራ ከፈረሱ መኪኖች የወጣ አሮጌ ማንሻ መግዛት ነውር የለበትም፤ የባለ ክንዱ ዐይነት አንዳንድ ጊዜ ከማይታወቅ አዲስ ይልቅ የሚያገለግል ይሆናል። ነገር ግን በገዢውና በሻጩ ፊት በ12 ቮልት ባትሪ መሞከር አለበት። ሽቦዎቹ ከባትሪው ሁለት ጫፎች ጋር ተነካክተው ወደ አንድ ወገን ሲዞር፥ ሽቦዎቹ ተለዋውጠው ደግሞ ወደ ሌላው ይዙር። በዚህ ጊዜ ማንሻው በጠረጴዛ ላይ ታስሮ ወይም ተጠብቆ እንጂ በእጅ ተይዞ አይሞከርም። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከተሸጠ በኋላ አይመለስም የሚለው ልማድ በነጋዴው ዘንድ ምክንያት አለው፤ ልማዱ የሚከበረው ግን ዕቃው ሲሠራ ገዢው በዓይኑ አይቶ የወሰደው ሲሆን ነው። አስመጪዎችም ትእዛዝ ሲጽፉ ሙሉ ማንሻ ብቻ ከማዘዝ ይልቅ ገመዱን፥ የፕላስቲክ መያዣዎቹንና ተንከባላዮቹን ለብቻቸው የሚሸጡ ፋብሪካዎች እንዳሉ ያስቡበት። ክብደታቸው ጥቂት፥ ቦታቸውም ጠባብ ነው፤ በአንድ ሙሉ ማንሻ ዋጋ ብዙ መስኮት ያስነሣሉ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ግማሽ ቀን ይመድብለት፤ የለመደው መካኒክ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። የሚያስፈልጉት ባለ መስቀል ካቻቢቴ፥ የ10 ቍጥር ቍልፍ፥ ለመፈልቀቂያ የሚሆን ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ወይም እንጨት፥ ሰፊ ፕላስተር፥ የእጅ ጓንትና ጥቂት ትርፍ ክሊፖች ናቸው። በአንዳንድ መኪኖች ማንሻው በብሎን ሳይሆን በሪቬት የተመታ ነው፤ ለዚያ ትራፓኖና የሪቬት መምቻ ያስፈልጋል። በበሩ ውስጥ የአየር ከረጢት ወይም የእርሱ መለኪያ ያለበት መኪና ከሆነ ሥራው ለባለሙያ ቢተው ይሻላል። ይህን ስንል ጋራዥን ለማበልጸግ አይደለም፤ ድንገት የሚፈነዳ ከረጢት ፊትን ስለሚጎዳ ነው።

የበሩን ልባስ የያዙት ብሎኖች ከእጅ መሳቢያው ውስጥና ከመክፈቻው በስተ ኋላ በትንንሽ የፕላስቲክ ክዳን ተሸፍነው ይገኛሉ። እነርሱ ከወጡ በኋላ ዙሪያውን ያሉት ክሊፖች ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ይፈለቀቃሉ፤ ከዚያ ልባሱ ወደ ላይ ተነሥቶ ከመስኮቱ ከንፈር ይላቀቃል። በኀይል ወደ ራስ መጎተት አይገባም፤ የስዊቹ ሽቦና የመክፈቻው ገመድ ገና ተያይዘው ናቸው። ከልባሱ በስተ ኋላ በጥቁር ሙጫ የተለጠፈ ላስቲክ አለ። ብዙ ሰው ይህን ላስቲክ እንደ መጠቅለያ ወረቀት ቀድዶ ይጥለዋል፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ዝናብ በመስተዋቱ ላይ ወርዶ በሩ ውስጥ መግባቱ የተለመደ ነገር ነው፤ በበሩ ግርጌም መውጫ ቀዳዳ ተሠርቶለታል። ውሃው ወደ መቀመጫው እንዳይሻገር የሚከለክለው ይህ ላስቲክ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የመኪናቸው ምንጣፍ ለምን እንደሚረጥብ ያልገባቸው ሰዎች በራቸው ከዚህ ቀደም ተፈትቶ እንደ ሆነ ያስታውሱ። ላስቲኩ በቀጭን ቢላ ሙጫውን እየተከተሉ ቀስ ብሎ ይላቀቅ፤ ሙጫውም አቧራ እንዳይነካው ይጠበቅ።

ቀጥሎ መስተዋቱ ከማንሻው የተያያዘባቸው ብሎኖች በበሩ ላሜራ ቀዳዳዎች በኩል እስኪታዩ ድረስ መስተዋቱ ይወርዳል ወይም ይነሣል። ሞተሩ የሞተ እንደ ሆነ አንድ ሰው መስተዋቱን በሁለት መዳፉ ደግፎ ሌላው ሞተሩን ከነበረበት ሊያላላ ይገደዳል፤ ይህ ግን ከዚህ በታች የተነገረው ጥንቃቄ ሳይፈጸም አይሞከርም። ብሎኖቹ ከወጡ በኋላ፥ በአንዳንዱ መኪና ደግሞ ክንዱ ከሐዲዱ ተንሸራቶ ከወጣ በኋላ፥ መስተዋቱ በእጅ ወደ ላይ ተገፍቶ በሩ ጫፍ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ በተሻገረ ፕላስተር ይታሰር። አንድ መስመር ፕላስተር አይበቃም፤ ሦስትና አራት ይሁን። የበር መስተዋት በሙቀት የጠነከረ ነው፤ ፊቱ ጡጫ ይችላል፥ ጠርዙ ግን በድንጋይ ላይ በትንሹ ቢነካ በአንድ ጊዜ ሺህ ቍራጭ ይሆናል። ስለዚህ ከበሩ ፈጽሞ ማውጣት ግድ ቢሆን በብርድ ልብስ ላይ ይተኛ እንጂ በሲሚንቶ ላይ በጠርዙ አይቁም።

መስተዋቱ ከታሰረ በኋላ የባትሪው የኔጋቲቭ ጫፍ ተፈትቶ የሞተሩ ሶኬት ይነቀላል። ብሎኖቹ ከመፈታታቸው በፊት የነበሩበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ይደረግ፤ ቀዳዳዎቹ ሞላላ ስለ ሆኑ አዲሱ በጥቂት ቢዛነፍ መስተዋቱ አጋድሎ ይሄዳል። ከዚያ ማንሻው ከነሞተሩ ታጥፎና ተዘዋውሮ በትልቁ ቀዳዳ ይወጣል። የላሜራው ጠርዝ እንደ ምላጭ ነውና ጓንት አይውለቅ።

እዚህ ላይ ስለ ስፕሪንጉ የተያዘው ቀጠሮ ይፈጸማል። በባለ ክንዱ ማንሻ ላይ የተጠቀለለውን ስፕሪንግ ጠርቅሞ የያዘው የሞተሩ ጥርስ ነው። ማንሻው ከመስተዋቱ ተለይቶ ሳለ ሞተሩን የያዙት ሦስት ብሎኖች ቢፈቱ፥ ስፕሪንጉ ይለቀቅና ክንዱን እንደ ወጥመድ ያወናጭፈዋል። በመካከል የተገኘ ጣት ይሰበራል፥ ከዚያ የከፋም ይደርሳል። አሮጌውን ማንሻ ከነሞተሩ አውጥቶ ከነሞተሩ የሚተካ ሰው ይህ አያገኘውም። ሞተሩን ብቻ ለመለወጥ የሚሻ ግን አስቀድሞ ጥርሳሙን ላሜራ ከመሠረቱ ጋር በጠንካራ መቆንጠጫ ወይም በሁለቱ ቀዳዳዎች ውስጥ በገባ ብሎን ማሰር አለበት። ክንዱ ለመንቀሳቀስ የማይችል መሆኑ በእንጨት ተገፍቶ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ሞተሩ ይፈታ። ሞተሩን ለብቻው የሚሸጥ ባለሱቅ ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ሳይናገር ደንበኛውን ባያሰናብት መልካም ነው፤ ካርቶኑ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ ሁሉ ሰው አያነበውም።

አዲሱን መግጠም ከመፍታቱ የቀለለ ነው። ጥርሱና ተንከባላዮቹ ጥቂት ግራሶ ይቀቡ፤ ገመድ ያለበት ከሆነ ፋብሪካው የቀባው ይበቃዋል። ማንሻው ገብቶ ብሎኖቹ በእርሳሱ ምልክት ላይ ይያዙ፥ ነገር ግን ፈጽመው አይጥበቁ። ባትሪውና ሶኬቱ ተመልሰው መያዣው ከመስተዋቱ ጋር እስኪገጣጠም ድረስ ማንሻው በስዊቹ ይንቀሳቀስ፤ በዚህ ጊዜ የማንም እጅ በሩ ውስጥ አይግባ፥ ስዊቹን የሚጫነውም ያው እጁን የሚያስገባው ሰው እንጂ ሌላ አይሁን። መስተዋቱ ከማንሻው ጋር በላላ ብሎን ተይዞ እስከ ላይ ይሂድና ከላይኛው ጎማ ጋር በእኩልነት ሲገጥም ብሎኖቹ ያን ጊዜ ይጥበቁ። ይህን ቅደም ተከተል ሳይጠብቅ ከታች አጥብቆ የጀመረ ሰው፥ መስተዋቱ በአንድ ወገን ክፍተት ትቶ በነፋስ ሲያፏጭ ይሰማል። ልባሱ ከመመለሱ በፊት አምስትና ስድስት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ይሞከር። ላስቲኩ በቀድሞ ሙጫው ላይ ከላይ እስከ ታች በመዳፍ ተጭኖ ይለጠፍ፤ ሙጫው ከደረቀ በአዲስ ይተካ። የተሰበረ ክሊፕ እንደ ተሰበረ ከተመለሰ በሩ በመንገድ ላይ ሲንኳኳ ይኖራል።

አንድ ጊዜ ተጭኖ ሲለቀቅ እስከ መጨረሻው የሚሄድ መስኮት ያላቸው መኪኖች ባትሪያቸው ከተፈታ በኋላ ይህን ሥራ ይረሳሉ። በብዙዎቹ መስኮቱ እስከ ላይ ከተዘጋ በኋላ ስዊቹን ለጥቂት ሴኮንድ ሳይለቁ መያዝ ያስታውሳቸዋል፤ የእያንዳንዱ መኪና ልክ በመመሪያ መጽሐፉ ተጽፏል። እስኪያስታውስ ድረስ፥ እጅ ሲነካው የሚመለስ መስኮትም ቢሆን ላይመለስ ይችላልና ሕፃናት ከዚያ በር ይራቁ፤ የኋላ መስኮቶች መቈለፊያውም ይጫን።

የወጣው አሮጌ ማንሻ ወዲያው አይጣል። የጠፋው ገመዱ ወይም መያዣው ብቻ ከሆነ ሞተሩ ገና ዕድሜ አለው። በጨርቅ ተጠቅልሎ፥ የየትኛው መኪና የየትኛው በር መሆኑ፥ ግራ ወይም ቀኝ መሆኑም ተጽፎበት ይቀመጥ፤ የባለ ክንዱ ከሆነ ግን ስፕሪንጉ እንደ ታሰረ ይሁን።